ሐረጎን ጭና የምትወርድ ፒካፕ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ፒካፕ መምረጥ፣ መግዛትና መያዝ

ደሴ ላይ "ፒካፕ ልገዛ ነው" ብላችሁ ቡና ቤት ካወራችሁ አበቃ። ሁሉም ሰው መካኒክ ይሆናል። አንዱ "ከሃይሉክስ ወዲያ መኪና አለ እንዴ?" ይላል። ሌላው "ዲማክስ ያልነዳ ስለ ሞተር አያውራ" ይላል። ሦስተኛው ቡናውን እየማገ የዘመዱን መኪና ሊሸጥላችሁ ይጀምራል።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፣ የማድረው ደሴ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ማታ መልሳችሁ ትወጡታላችሁ። ፒካፕ ደህና መሆኗ የሚታወቀው እዚያ ላይ፣ ዕቃ ጭና ነው። ፒያሳ ታጥባ ስትቆም ሁሉም ያምራሉ።

1. መጀመሪያ መንገዳችሁንና ጭነታችሁን ጻፉ

ስለ መኪናው ገና አታስቡ። ወረቀት አውጡና ያለፈውን አንድ ወር አስታውሱ። የት የት ሄዳችሁ? ምን ጫናችሁ? ስንት ሰው ይዛችሁ?

ሥራው ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ ደሴ ሰኞ ገበያ ከሆነ አስፋልት ነው። በሳምንት አንዴ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሙቀት ይጠብቀዋል፣ ራዲያተሩና ኤሲው ቁም ነገር ይሆናሉ። ወደ ኩታበር ገጠሮች ወይም በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉና መካነ ሰላም የሚመላለስ ግን ክረምት ላይ ጭቃና ጉም አለበት። እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት መኪና አያስፈልጋቸውም።

ቀጥሎ ክብደት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

"አንድ ቶን ትጭናለች" ሲሏችሁ አሥር ኩንታል ከኋላ ማለት አይደለም። የመጫን አቅም ማለት መኪናዋ ከነሙሉ ጭነቷ ልትመዝን ከተፈቀደላት ክብደት ላይ የባዶዋ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። በዚያ ውስጥ ሰውም አለበት። ለምሳሌ የተፈቀደው 2,900 ኪሎ፣ ባዶዋ 1,950 ኪሎ የሆነች ደብል ጋቢና እንውሰድ። የሚቀረው 950 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ተቀመጠ እንበል፣ አንዱ 65 ኪሎ ቢመዝን 325 ኪሎ ሄደ። የመጫኛው ሽፋንና የብረት ፓራውልት ካስገጠማችሁ ሌላ 75 ኪሎ። የቀረው 550 ኪሎ ነው፤ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 11 ከረጢት ማለት ነው። 11! እኔ ሱቅ በር ላይ ግን 20 ከረጢት ጭኖ፣ አራት ሰው ይዞ፣ "ትችላለች" ብሎ የሚነሳ በየቀኑ አያለሁ።

ባሌስትራ መጨመር ይህን ሒሳብ አይቀይረውም። የመኪናዋን ጀርባ ቀና ያደርገዋል። ፍሬኑ፣ አክሰሉና ጎማው ግን የነበሩት ናቸው።

ስለዚህ አዘውትራችሁ ከስድስት ኩንታል በላይ የምትጭኑ ከሆነ ወይ ሲንግል ጋቢና ውሰዱ፣ ወይ ፒካፑን ትታችሁ አነስተኛ የኢሱዙ ጭነት መኪና አስቡ። የሲንግል ጋቢና መጫኛ ርዝመቱ 2.3 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ አጋድማችሁ ስፖንዳውን ትዘጋላችሁ። የደብሉ ግን 1.5 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቆርቆሮው ወጥቶ ይንጠለጠላል። ቤተሰብና ሥራ አንድ ላይ ያለበት ሰው፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ ደብል ገዝቶ ከባዱን ጭነት ለሌላ መኪና ከፍሎ ማስጫን ይሻለዋል። ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ኢሱዙ መከራየት በየዓመቱ ፍሪሲዮን ከመቀየር ይረክሳል።

2. ሞተር፣ ማርሽና ፎር ባይ ፎር

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ቆላ ላይ "እሺ" ያለቻችሁ መኪና ሐረጎ ላይ ጭና የምታለከልከው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ራሱ ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያንሳል። ለእኛ አገር ምክሬ አጭር ነው፦ ቱርቦ ናፍጣ።

ግን የትኛውንም ቱርቦ ናፍጣ አይደለም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ አዳዲስ ፒካፖች ጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚያጠራቅም ፊልትሮ አላቸው፣ አንዳንዶቹም አድብሉ የሚባል ፈሳሽ ይጠይቃሉ። ሲስተሙ በጣም ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ፊልትሮው ራሱን እንዲያጸዳ ደግሞ ረጅምና የተረጋጋ ጉዞ ይወዳል። እዚሁ ደሴ ውስጥ ከሆጤ ፒያሳ እየተመላለሳችሁ ይደፈናል። ሻጩን "ይሄ ለየትኛው ገበያ የተሠራ ነው?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ለአፍሪካ የተሠራው ቀለል ይላል፣ እሱን ውሰዱ።

ሌላ ጥያቄ፦ ሞተሩ ውስጥ ያለው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው ወይስ ሰንሰለት? የቀድሞው ሃይሉክስ 2.5 እና 3.0 ናፍጣ በቺንጋ የሚሠሩ ናቸው፣ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከ2015 (በፈረንጅ) ወዲህ የመጡት 2.4 እና 2.8 ሰንሰለት ናቸው። የዲማክስ 3.0 ሞተርም ሰንሰለት ነው። ቺንጋ ክፉ ነው አልልም፤ ቀኑን የሚረሳ ባለቤት ነው ክፉ። ሲበጠስ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይዞ ይሄዳል።

ማርሹን በተመለከተ ማንዋል እመርጣለሁ። ለቁልቁለት ይመቻል፣ ሲበላሽም ደሴ ውስጥ የሚከፍተው መካኒክ አይጠፋም። ጉልበታችሁ ወይም ወገባችሁ ካልፈቀደና አውቶማቲክ ካማራችሁ፣ ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረግ የሚፈቅድ መሆኑን እዩ። ዲ ላይ ብቻ የሚወርድ አውቶማቲክ ሐረጎ ላይ ፍሬን ይፈጃል።

ፎር ባይ ፎር ካስፈለገ ውሰዱ፣ ግን አጠቃቀሙን እወቁ። በብዙዎቹ ፒካፖች ላይ ኤች ፎር ማለት የፊቱና የኋላው ጎማ አንድ ላይ ታስረዋል ማለት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በኤች ፎር ከነዳችሁ ኩርባ ላይ መሪው ይከብዳል፣ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ይታገላሉ። ለጭቃ፣ ለኮረትና ለአሸዋ ብቻ ነው። ኤል ፎር (ዝግተኛው፣ ጉልበት የሚጨምረው) ደግሞ መኪናዋ ቆማ፣ ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ ነው የሚገባው። ሥራችሁ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነ ቱ ዊል ይበቃል፣ በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ጎማ ግዙ።

ስለ ኤሌክትሪክ ፒካፕ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ቁልቁለቱ ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቸዋል፣ ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ጭነትና ዳገት ግን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል። ግቢያችሁ ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉበት አስተማማኝ መስመር ከሌላችሁ ለጊዜው ተዉት።

3. አምስት ዕቃ ጠይቃችሁ ሞክሩት

ሞዴል መረጣችሁ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጠዋት ስጡልኝ። ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ መለዋወጫ ሱቆች ግቡና ለዚያች መኪና አምስት ነገር ዋጋ ጠይቁ፦ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የፊት ፍሬን ፓድ፣ ፍሪሲዮን፣ የፊት መብራትና ስፖኪዮ። ከአምስቱ ሦስቱ "ከአዲስ አበባ በትእዛዝ ነው" ከተባለ መኪናዋ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ቆማ ታስለቅሳችኋለች። ርካሽ ሆና ብትገኝም።

የቶዮታና የኢሱዙ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ስለማይረቡ አይደለም። አንዳንዱ የቻይና ፒካፕ ለዋጋው ደህና ነው፤ አምስቱን ዕቃ ካገኛችሁለት ግዙት።

ከዚያ ያችኑ ሞዴል የያዘ ሰው ፈልጉ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ባዶዋን አምስት ደቂቃ ቢያስነዳችሁ ምንም አይነግራችሁም። እዚሁ ያለ ባለቤት ሲጭን ጠብቃችሁ "ነዳጁን ልሙላና ከኮምቦልቻ ደሴ አብሬህ ልውጣ" በሉት። ሰው ያሳፍራል፣ ወሎ ነው። ዳገቱ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደምትፈልግ፣ የሙቀቱ መርፌ የት እንደሚቆም፣ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ የት እንደሚደርስ እዩ። ባለቤቱን ደግሞ "ካገኘሃት ወዲህ ምን ምን ቀየርክ?" በሉት። ስለ መኪናው "እንዴት ናት?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ነው የምታገኙት።

4. ገንዘቡና ወረቀቱ

አዲስ ፒካፕ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ከአምራቹ ወኪል ነው፤ ለምሳሌ ቶዮታን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወክለው ሞኤንኮ ነው። ሌላው ከአስመጪ ነው። ከወኪል ስትገዙ ዋስትናው የተጻፈ ነው፣ ወረፋ ሊኖረው ይችላል። ከአስመጪ ስትገዙ መኪናዋን ቆማ ታያላችሁ፣ ዋስትናው ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ አፍ ነው። ዋስትና አለ ካሉ በጽሑፍ፣ ከነኪሎ ሜትሩና ከነጊዜው ተቀበሉ። ሰርቪሱ የት እንደሚደረግም ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰርቪስ 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ የሚያስኬድ ዋስትና ለደሴ ሰው ዋስትና አይደለም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ቀብድ ስትከፍሉ ዋጋው የተቆረጠ መሆኑንና መኪናዋን የምትረከቡበት ቀን ውሉ ላይ ይግባ። "ዋጋ ሊስተካከል ይችላል" የምትል አንዲት መስመር ካለች ወይ ትሰረዝ ወይ አትፈርሙ።

የባንክ ብድር ለማይፈልግ ሰው ሙራባሃ አለ። ባንኩ መኪናዋን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ቀድሞ ነግሯችሁ፣ በየወሩ በምትከፍሉት ይሸጥላችኋል። በሁለቱም መንገድ ሊብሬው ላይ እገዳ ይኖራል። ከፍላችሁ ስትጨርሱ እገዳው መነሳቱን ራሳችሁ ተከታተሉ።

አሁን ወጥመዱ። ገበያ ላይ "አዲስ ናት፣ አልተነዳችም፣ ዋጋዋም ቅናሽ" የምትባል ፒካፕ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቀረጥ ነው። ለኢንቨስትመንት ወይም ለእርዳታ ድርጅት ከቀረጥ ነፃ የገቡ ፒካፖች አሉ። ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ሊተላለፉ አይችሉም። ደላላው "ውክልና እንሰጥሃለን፣ ስሙ በኋላ ይዞራል" ካለ ተነሱና ሂዱ። ገንዘቡ የእናንተ፣ መኪናዋ የሰው፣ ጣጣው የጉምሩክ ነው የሚሆነው። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር በዓይናችሁ መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። የሻንሲውን 17ቱንም ፊደልና ቁጥር፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላችሁ። እኔ ሳነብ ሻጩ ሳቀ። ይሳቅ።

ታርጋው ኮድ 2 ይሁን ኮድ 3 ቀድማችሁ ወስኑ። ለንግድ ከሆነ ኮድ 3 ነው፣ ግብሩም ኢንሹራንሱም ይለያል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ለአዲስ መኪና ግን ሙሉውን ግቡ፣ ስትገቡም አንድ ነገር ጠይቁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሰው መኪናውን አጣ። መደበኛው የኢንሹራንስ ውል ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን አስነብቡ፣ ከዚያ ወስኑ።

5. ርክክብ በቀን፣ በፀሐይ

ማታ አትረከቡ። ዝናብ ላይም አትረከቡ፣ እርጥብ ቀለም ሁሉን ይደብቃል። የጎማውን ጎን እዩ፣ አራት አሃዝ አለ። 2324 ካለ በ2024 (በፈረንጅ) 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። "ዜሮ ዜሮ" የተባለች መኪና ጎማዋ አራት ዓመት ከሆነው አንድ ቦታ ፀሐይ ስትጠጣ ኖራለች። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ማኑዋሉና ሁለቱ ቁልፍ ይቆጠሩ። ሁለተኛውን ቁልፍ "ነገ እንልካለን" ካሉ ነገን እዚያው ጠብቁ።

6. መኪናዋን ወደ ቤት ማምጣት

ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ፣ በቀን ንዱ።

ሞተሩ አዲስ ነው። በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ከ3,000 ዙር በላይ አትውጡ፣ በአንድ ፍጥነትም ረጅም ሰዓት አትሂዱ። ከፍ ዝቅ ይበል። ጭነት አታብዙ። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በማርሽ ውረዱ፣ አዲስ ፍሬን ገና አልተላመደም። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆማችሁ ሻይ ስትጠጡ ሥሯን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እዚያ ይታያል። በከሚሴና በሐርቡ አድርጋችሁ ኮምቦልቻ ትገባላችሁ፣ የመጨረሻው ፈተና ሐረጎ ነው። ቤት ስትደርሱ ቁልፉን ወዲያው አታጥፉ። ቱርቦው ከዳገት ሲወጣ ግሏል፣ አንድ ደቂቃ ቆማ ትዙር።

እኛ ቤት ቡናው ተፈልቶ ነበር የጠበቀኝ። እናቴ ዱዓ አድርጋ፣ ጎማው ላይ ወተት ካላፈሰስኩ ብላ አስቸገረችን። አፈሰሰች።

7. ሐረጎን መውረድ

በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት የአክስቴን ድንች ከኩታበር ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ተነሳሁ። 11 ኩንታል። አዎ፣ ከላይ ያለውን ሒሳብ ያኔ አላውቀውም ነበር። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬኑን እያስታመምኩ ወረድኩ። ከአምስተኛው ኩርባ በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ወዲያው ፔዳሉ ለስለስ አለ፣ እግሬን ተከትሎ ወደ ታች ሄደ። የምይዘው ጠፋኝ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ በመከራ አንድ ሰፋ ያለ ጠርዝ ላይ አቆምኩ። የፊቱ ጎማ ይጨሳል። ጀሪካን ይዤ ስወርድ አንድ በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና ሾፌር ከኋላዬ ቆመው ነበር።

"ተው ልጄ! ውሃ እንዳታፈስበት፣ ትሰነጥቀዋለህ" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ።"

"በስንተኛ ነው የምትወርደው?"

"በአራተኛ።"

"ይሄን ጭነህ ሽቅብ ብትወጣው በስንተኛ ትወጣዋለህ?"

"በሁለተኛ።"

"እንግዲያው በሁለተኛ ውረደዋ። አብሽር፣ ይበርድልሃል።"

አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለን በረደ። ከዚያ በሁለተኛ፣ እሳቸው ከኋላ፣ እኔ ከፊት ወረድን።

የሆነው ይሄ ነው። ሦስት ቶን ገደማ የሚሆን ብረትና ዕቃ ከ600 ሜትር በላይ ሲወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ፍሬኑ ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ያ እርጥበት ዘይቱ ቶሎ እንዲፈላ ያደርገዋል፣ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ "ሙሉ ነው" ብቻ አይበቃም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ አድርጉ፣ መሃል ላይ ከመታገል ይሻላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ቀንሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ተኝቶ አይውረድ። በፎሌ (ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ) መውረድ ደግሞ በፍጹም። "ነዳጅ ይቆጥባል" የሚሉት ውሸት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ አዲስ ሞተር ናፍጣውን ራሱ ይዘጋል። በፎሌ ስትወርዱ ግን ሞተሩ ላለመጥፋት ያቃጥላል። ነዳጅም ታባክናላችሁ፣ ፍሬንም።

ጉም ሲወርድ ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የምታዩት። አጭሩን አብሩና ቀስ በሉ።

8. ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ

ናፍጣ። ማደያ ላይ በቴሌብር ከፍላችሁ የምትቀዱትን ብቻ ቅዱ፣ ሰልፉ ቢመርም። በጀሪካን የሚሸጠው ላምባና ውሃ ሊኖርበት ይችላል። የድሮ መኪና ይታገሠው ነበር። የዛሬ ሞተር ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በጣም በጠበበ ቀዳዳ ነው የሚረጨው፣ ቆሻሻ ከገባ ኢንጄክተሩ ያልቃል፣ ዋጋውን ሰምታችሁ ትቀመጣላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ምልክት ከበራ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃውን አውጡ፣ እየነዳችሁ አትቀጥሉ። የደሴ ብርድ ላይ ጠዋት ቢጫዋ ጥምዝምዝ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ።

ሰርቪስ። የመጀመሪያው በ1,000 ኪሎ ሜትር ይታይ። ማኑዋሉ 10,000 ቢልም አቧራና ዳገት ላለበት ሰው በ5,000 ዘይት ይቀየር። የአየር ፊልትሮውን ከገጠር ጉዞ በኋላ አውጥታችሁ አራግፉ። የቀየራችሁትን ሁሉ ከነኪሎ ሜትሩ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ስትሸጧት ደብተሩ ይናገርላችኋል።

የጎማ ነፋስ የሚነበበው የሾፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ጎሚስታው በልምድ አንድ ዓይነት ይሞላዋል። ባዶና ጭነት ይለያያሉ፣ በተለይ የኋላው።

ጭነቱን ከጋቢናው አጠገብ ጀምራችሁ አስቀምጡ። ጫፍ ላይ ከከመራችሁት የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ ጭቃ ላይ መሪው ይጠፋል። ፌሮ ስትጭኑ መጫኛው ላይ ላስቲክ ወይም የድሮ ምንጣፍ አንጥፉ፣ የተላጠ ቀለም ክረምቱን ሳይጨርስ ይዝጋል።

ደሴ ላይ ስታቆሙ ሁልጊዜ ተዳፋት ነው። የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ማርሽ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ ማዞር፣ ከዚያ ድንጋይ። ድንጋዩን ስትነሱ አንሱት፣ መንገድ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ስፖኪዮው ላይ ታርጋችሁን አስቀርጹበት፣ ለሌባ ዋጋው ይወርዳል።

ዘመድ። ፒካፕ የገዛ ሰው ዘመዱ ይበዛል። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የኮርማ ማምጣት፣ ቤት መቀየር። "መኪናዋን ላክልን" ይሏችኋል። እኔ አንድ ደንብ አለኝ፦ መኪናዋ ትሄዳለች፣ የምነዳት ግን እኔ ነኝ። መጫኛው ላይ ሰው አላሳፍርም። ለቅሶ ላይ "ስምንት ሰው ብቻ ነው" ሲሏችሁ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ጀርባውን ያዞራል፣ የሰው ነፍስም ይጠፋል። ሁለት ዙር እመላለሳለሁ፣ ናፍጣውን ቻሉ እላለሁ። ተኮርፎብኝ ያውቃል፣ በሳምንቱ ታርቀናል።

ትርፍ ጎማውን ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሳያስፈልጋችሁ አንድ ጊዜ አውርዱት። ከመጫኛው ሥር በሰንሰለት ነው የተንጠለጠለው፣ የሚወርደው ከኋላ ፓራውልቱ በላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ረጅሙን ዘንግ አስገብታችሁ ስታዞሩ ነው። እኔ ያቺን ቀዳዳ የፈለግኳት ጉጉፍቱ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ በስልክ መብራት፣ ጣቴ ደንዝዞ ነበር። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቁልፍም ግዙለት፣ ክፍቱን ያደረ ትርፍ ጎማ ጠዋት አይገኝም።